ከተዘጋጀው ካርታ ይልቅ ኩቡን ክፈቱ፦ የአልማ ነጻ ማኅደር በወንዝ ለኪ ዓይን

ሠላሳ አንድ ዓመት ወንዝ ስለካ ኖሬአለሁ። የፍሰት መለኪያውን ከድልድይ ላይ ወደ ውሃው አወርዳለሁ፣ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚሽከረከር እቆጥራለሁ፣ ጥልቀቱን እመዘግባለሁ። ማታ ስፋቱን በጥልቀቱ፣ ያንን ደግሞ በፍጥነቱ አባዝቼ በሰከንድ ስንት ሜትር ኩብ ውሃ እንዳለፈ እጽፋለሁ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ከፍሰት አልተለየሁም። አሁን የምከታተለው በጠመዝማዛ ጋላክሲዎች እምብርት ዙሪያ የሚዞረውንና የሚወድቀውን ጋዝ ነው። መለኪያው የእኔ አይደለም፤ ቺሊ ውስጥ፣ አታካማ በረሃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 5000 ሜትር ገደማ ላይ የተተከሉት፣ አልማ የሚባለው የራዲዮ ቴሌስኮፕ 66 አንቴናዎች ናቸው። የለኩት ሁሉ፣ ጥናቱን የጠየቁት ተመራማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወር ብቻቸውን ከያዙት በኋላ፣ ለማንም ክፍት ይሆናል። ይህን የምጽፈው ስለዚያ ማኅደር ነው፤ በተለይ ፋንግስ በሚባለው የጥናት ቡድን ተጣርተው ስለተቀመጡት 90 ቅርብ ጋላክሲዎች።

ፍርዴን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ለዳታው አምስት ኮከብ እሰጣለሁ፣ ቢኖር ስድስተኛ እጨምር ነበር። ከዳታው ጋር ተዘጋጅተው ለሚቀመጡት ባለቀለም የፍጥነት ካርታዎች ግን፣ ስለ ጋላክሲው እምብርት ለማወቅ ለሚፈልግ ሰው፣ ሦስት እሰጣለሁ። ካርታዎቹ በጥንቃቄ የተሠሩ ናቸው፤ ማንኛውም የአማካይ ፍጥነት ካርታ ግን እምብርቱ አካባቢ ሲደርስ ሊናገር የማይችለው ነገር አለ። ያንን ለማየት ኩቡን ራሱን መክፈት ያስፈልጋል።

ኩብ የምለው ነገር ፎቶግራፍ አይደለም። ሁለቱ ጎኖቹ ሰማዩ ላይ ያለውን ቦታ ይይዛሉ፣ ሦስተኛው ጎን ፍጥነት ነው። እንደ መጽሐፍ ገጽ በገጽ ይገለበጣል፤ እያንዳንዱ ገጽ ካለፈው በ2.5 ኪሎ ሜትር በሰከንድ የሚለይ ጋዝ የት እንዳለ ያሳያል። ፍጥነቱ የሚታወቀው በዶፕለር ነው፤ ምንጩ ሲቀርብ ወይም ሲርቅ የሞገዱ ድግግሞሽ ስለሚለወጥ። ቀዝቃዛ የሃይድሮጅን ሞለኪውል፣ ምንም እንኳ የጋዙ ዋና አካል ቢሆን፣ ብርሃን የማይሰጥ ያህል ጸጥ ያለ ነው። ስለዚህ ከእሱ ጋር ተቀላቅሎ የሚገኘውን የካርቦን ሞኖክሳይድ ድምፅ ነው የምንሰማው፤ ይህ ሞለኪውል በኅዋ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው በ1970 ነው። ፋንግስ የመረጠው መስመር፣ ማለትም ሞለኪውሉ የሚያሰማበት ድግግሞሽ፣ በ230.538 ጊጋኸርዝ ላይ የሚገኘውን ነው፤ የሞገዱ ርዝመት 1.3 ሚሊ ሜትር ነው። ጋዙ በሰከንድ 100 ኪሎ ሜትር ቢርቀን መስመሩ በ77 ሜጋኸርዝ ገደማ ዝቅ ይላል። ይህን ቁጥር በእጄ ሳሰላው የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም። ውሃ ውስጥ እጅ ሳያስገቡ፣ በ45 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ ያለ ወንዝ መለካት ማለት ነው።

መጀመሪያ የከፈትኩት ኤንጂሲ 1097ን ነው። በፎርናክስ ኅብረ ከዋክብት የሚገኝ፣ መካከሉ ላይ የከዋክብት ዘንግ፣ ማለትም እንደ በትር የረዘመ የከዋክብት ክምችት፣ ያለው ጠመዝማዛ ጋላክሲ ነው። በእምብርቱ ዙሪያ 5000 የብርሃን ዓመት ገደማ ስፋት ያለው፣ አዳዲስ ከዋክብት የሚወለዱበት ደማቅ ቀለበት አለው። ጋላክሲው እንዳለ በሰከንድ 1270 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቀናል። ስለዚህ የኩቡን ገጾች ሳገላብጥ፣ ከዚህ ቁጥር በታች ያሉት ገጾች በአንድ ወገን፣ በላይ ያሉት በሌላው ወገን ይበራሉ። ከጋላክሲው መሀል አንጻር ወደ እኛ የሚመጣው ጎን አንዱ፣ ከእኛ የሚሄደው ጎን ሌላው ነው። እስከዚህ ድረስ ማንም የሚጠብቀው ዙረት ነው።

በኮንቱር ካርታ ዕድሜውን የፈጀ ሰው ግን የሚያየው ቀለሙን ሳይሆን መስመሩን ነው። እኩል ፍጥነት ያላቸውን ነጥቦች በመስመር ሳገናኝ፣ ጋዙ በንጹሕ ክብ የሚዞር ቢሆን ኖሮ መስመሮቹ የሸረሪት እግር ይመስላሉ። በመካከል ያለው፣ ወደ እኛም ከእኛም የማይሄደው መስመር፣ ቀጥ ብሎ ጋላክሲውን በአጭሩ ጎን ይከፍለዋል። ዘንግ ባላቸው ጋላክሲዎች ውስጥ ግን ያ መስመር ወደ እምብርቱ ሲጠጋ ይጠመዘዛል፤ ተኝቶ የሚሳብ እባብ ይመስላል። ተራራ ላይ እንዲህ ያለ ጥምዝ ኮንቱር ባይ «እዚህ ሸለቆ አለ» እል ነበር። እዚህ የሚለኝ፣ ጋዙ መዞር ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም እየተንሸራተተ መሆኑን ነው።

ለምን እንደሚንሸራተት ማወቅ ፈለግሁና ብዙ ሳምንት አነበብኩ። ያገኘሁት ነገር እስካሁን ያስደንቀኛል። የከዋክብቱ ዘንግ አንድ ላይ ሆኖ እንደ በትር ይሽከረከራል። በዘንጉ ክልል ውስጥ ያለው ጋዝ በዘንጉ ርዝመት የተለጠጠ ሞላላ ምህዋር ይከተላል። ከዋክብት በመካከላቸው ያለው ርቀት እጅግ ሰፊ ስለሆነ ሳይነካኩ ይተላለፋሉ፤ ጋዝ ግን በጋዝ ውስጥ ማለፍ አይችልም። ምህዋሮቹ ወደ ውስጥ እየጠበቡ ሲሄዱ ጫፋቸው እየሾለ ይመጣል፣ በመጨረሻም ራሳቸውን ያቋርጣሉ። እዚያ ላይ ጋዝ ከጋዝ ይጋጫል። በቀዝቃዛ የሞለኪውል ደመና ውስጥ የድምፅ ፍጥነት በሰከንድ ከአንድ ኪሎ ሜትር በታች ነው፤ ግጭቱ ግን በአስርና በመቶ ኪሎ ሜትሮች በሰከንድ ነው። ስለዚህ የግጭቱ ግንባር ስለታም ነው፣ ጋዙን ይጨምቀዋል፣ አቧራውንም አብሮ ይሰበስበዋል። በጋላክሲ ፎቶዎች ላይ በዘንጉ ሁለት ጎኖች፣ በሚዞርበት አቅጣጫ ባለው ጠርዝ፣ ቀጥ ብለው የሚታዩት ጥቁር የአቧራ መስመሮች ይህ ግጭት ናቸው። ሊያ አታናሱላ በ1992 ባሳተመቻቸው የኮምፒውተር ሥራዎች የእነዚያን መስመሮች ቅርጽ ከግጭቱ አውጥታ አሳይታለች።

ከግጭቱ በኋላ ጋዙ ከዘንጉ ትንሽ ቀድሞ ይከማቻል። የዘንጉ ስበትም ወደ ኋላ ይጎትተዋል። እንዲህ ሲሆን ጋዙ አንጉላር ሞመንተሙን፣ ማለትም ከመሀል ርቆ እንዲዞር ያደረገውን የዙረት አቅም፣ ለከዋክብቱ አስረክቦ በአቧራው መስመር በኩል ወደ ውስጥ ይወርዳል። እስከ እምብርቱ ግን አይደርስም። ከዘንጉ ውስጠኛ ክፍል ሌላ ዓይነት ምህዋር አለ፤ ይህኛው የሚለጠጠው ከዘንጉ በተቃራኒ፣ በወርዱ በኩል ነው፤ ክብ ለመሆንም ይቀርባል። የሚወርደው ጋዝ እዚያ ይጠለላል፣ ይከማቻል፣ ቀለበት ይሠራል። ከፊሉ ደግሞ በፍጥነቱ ምክንያት ቀለበቱን አልፎ ይወረወርና በተቃራኒው በኩል ከሚወርደው ጅረት ጋር ይላተማል።

አሁን ወደ ካርታዎቹ ልመለስ። የተዘጋጀው የፍጥነት ካርታ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ አንድ ቁጥር ብቻ ይይዛል፤ በዚያ ነጥብ ላይ ያለው ጋዝ ሁሉ በድምቀቱ ተመዝኖ የወጣ አማካይ ፍጥነት ነው። ፀጥ ባለው የጋላክሲ ዳር ይህ ያስኬዳል። ሁለት ወንዞች የሚገናኙበት መጋጠሚያ ላይ ግን አማካይ ፍጥነት የየትኛውም ወንዝ ፍጥነት አይደለም። በሥራ ዘመኔ አንድ ጀማሪ ባልደረባዬ ልክ ከመጋጠሚያው በታች፣ ሁለቱ ውሃዎች ገና ሳይቀላቀሉ፣ ሦስት ነጥብ ብቻ ለክቶ ተመለሰ። ፈጣኑን ጅረት በአንዱ፣ ዘገምተኛውን በሌላው፣ መካከል ያለውን አዙሪት በሦስተኛው ለክቶ አማካይ አወጣ። ያ ቁጥር በወረቀት ላይ ያምር ነበር፤ ወንዙ ውስጥ ግን በዚያ ፍጥነት የሚሄድ አንድ ጠብታ ውሃ አልነበረም። በነጋታው አብረን ሄደን እንደገና ለካን።

የአቧራ መስመሩ ከቀለበቱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ እንዲያ ያለ መጋጠሚያ ነው። ካርታው ላይ ለስላሳ የቀለም ሽግግር ይታያል፣ ምንም ነገር የተፈጠረ አይመስልም። ኩቡን ከፍቼ እዚያ ነጥብ ላይ ስጠቁም ግን የሚወጣው ስፔክትረም፣ ማለትም በየፍጥነቱ ስንት ድምቀት እንዳለ የሚያሳየው ሥዕል፣ አንድ ጉብታ አይደለም። አጠገቤ ተቀምጦ ኮምፒውተሩን የሚያስተካክልልኝ የእህቴ ልጅ ነው ቀድሞ ያየው።

«አክስቴ፣ እዚህ ጋ ሁለት ጉብታ አለ። ፋይሉ ሲወርድ ተበላሽቶ ይሆን እንዴ?»

«አልተበላሸም» አልኩት። «ሁለት ጅረት ነው። አንደኛው በቀለበቱ ይዞራል፣ ሌላኛው ገና መግባቱ ነው።»

ዝም ብሎ ትንሽ አየውና «ታዲያ ካርታው ላይ ያለው ቁጥር የማን ነው?» አለኝ። የማንም አልነበረም። በሁለቱ ጉብታዎች መካከል ባለው ጎድጓዳ ላይ ነበር የሚወድቀው፣ ጋዝ በጣም ባነሰበት ቦታ። ያን ቀን ማታ እስከ እኩለ ሌሊት በአቧራው መስመር ላይ ነጥብ በነጥብ ወረድን። በዘንጉ ላይ አንድ ጉብታ፣ ወደ ቀለበቱ ሲጠጋ እየሰፋ፣ መጋጠሚያው ላይ ተሰንጥቆ፣ ቀለበቱ ውስጥ እንደገና አንድ፣ ጠባብና ረጅም ይሆናል። ይህን ቅደም ተከተል በዓይኔ ካየሁ በኋላ ነው በመጽሐፍ ያነበብኩት የገባኝ።

ስለዚህ ምክሬ፣ ማኅደሩ የሚሰጣችሁን ሁለት ዓይነት ካርታዎች ውሰዱ፣ ግን እንደ መንገድ ጠቋሚ ብቻ ተጠቀሙባቸው። ፋንግስ ሰፊና ጥብቅ ብሎ የሚለያቸው ካርታዎች አሉት። ሰፊው ደካማ ጋዝ እንዳያመልጠው ይሞክራል፣ በዚያ ምክንያት ጫጫታም አብሮ ይገባበታል። ጥብቁ እርግጠኛ የሆነበትን ብቻ ያስቀራል። ለእምብርቱ በጥብቁ ጀምሩ፣ እባቡን መስመር ፈልጉ፣ ከዚያ ኩቡን ክፈቱ።

ኩቡን ለመክፈት ፕሮግራም ያስፈልጋል፣ እዚህ ላይ ግን ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ፕሮግራም ሁለት ሳምንት አባክኖብኛል። የመጀመሪያው ችግር የቀለም ልኬቱ ነበር። ፋይሉን እንደከፈተ በራሱ ጊዜ ቀለሙን ከጋላክሲው ዝቅተኛ ፍጥነት እስከ ከፍተኛው ይዘረጋዋል፤ በእምብርቱ ያለው ጥምዝ በዚያ ሰፊ ልኬት ውስጥ ይጠፋል። ልኬቱን በእጅ ማጥበብ ይቻላል፣ ግን ሌላ ነጥብ በተጫነ ቁጥር ወደ ነበረበት ይመለሳል። ሁለተኛው የባሰ ነው። ከድግግሞሽ ወደ ፍጥነት መቀየሪያ ሁለት ልማዶች አሉ፣ የራዲዮ ሰዎች አንዱን፣ የዓይን ብርሃን ሰዎች ሌላውን ይጠቀማሉ። ፋይሉ በግልጽ የራዲዮውን ቢጽፍም ፕሮግራሙ ሳይጠይቀኝ በሌላው ቀየረው። በ1270 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ላይ የሁለቱ ልዩነት ከ5 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ትንሽ ይበልጣል፣ ማለትም ሁለት ሙሉ ገጽ። እኔም መሀሉ የተፈናቀለ ጋላክሲ አገኘሁ ብዬ ተጨንቄ ነበር። በሌላ ፕሮግራም ስከፍተው ነው ምስጢሩ የተፈታው። ማንኛውንም ፕሮግራም ስትመርጡ መጀመሪያ ይህን ፈትሹ፤ የፋይሉን ራስጌ አንብቡ፣ የሚያሳያችሁ ፍጥነት በየትኛው ልማድ እንደተሰላ እስኪነግራችሁ ድረስ አትመኑት።

ሌላው ሰው ሊዘናጋበት የሚችለው ነገር አቅጣጫ ነው። ኩቡ ወደ እኛ ወይም ከእኛ የሚሄደውን ፍጥነት ብቻ ይሰጣል። ጋዙ ወደ መሀል እየገባ ነው ወይስ ከመሀል እየወጣ? ለዚህ መልስ የጋላክሲው የትኛው ጎን ለእኛ ቅርብ እንደሆነ ማወቅ ግድ ነው፣ ያ ደግሞ ኩቡ ውስጥ የለም። እኔ የማደርገው የዓይን ብርሃን ፎቶ አጠገቡ መክፈት ነው። ቅርብ በሆነው ጎን ያለው አቧራ ከኋላው ያለውን የእምብርት ብርሃን ስለሚጋርድ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፣ በሩቁ ጎን ያለው ግን ከብርሃኑ ኋላ ስለሚውል ደብዝዞ ይታያል። በተጨማሪም የጠመዝማዛው ክንዶች ጫፋቸው ከዙረቱ ወደ ኋላ የሚጎተት መሆኑ በአብዛኛው ያግዛል። ይህን ያልለየ ሰው የሚወድቀውን የሚወጣ ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ በወንዝ ቋንቋ ላይኛውን ተፋሰስ ከታችኛው ማምታታት ነው።

የሚወጣ ጋዝም አለ እኮ። 11.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቃ በምትገኘው ኤንጂሲ 253 ውስጥ፣ በእምብርቱ የሚወለዱት ከዋክብት ጋዙን ከጋላክሲው ጠፍጣፋ ዲስክ ላይ ገፍተው ሲያወጡት አልማ በ2013 አሳይቷል።

ስለ ዳታው ጥራት አንድ ነገር በተለይ ማመስገን እፈልጋለሁ። ብዙ አንቴናዎችን አያይዞ የሚሠራ ቴሌስኮፕ ትናንሽ ነገሮችን አጥርቶ ያያል፣ ሰፊና ለስላሳ የሆነውን ግን ያጣዋል፤ አንቴናዎቹ ከስፋታቸው በላይ ሊቀራረቡ አይችሉምና። ጎርፉን እየመዘገበ የመሠረት ፍሰቱን የሚስት መለኪያ እንደማለት ነው፣ እንዲህ ባለ መለኪያ ድምር ፍሰት አይሰላም። አልማ ከ12 ሜትሮቹ ትላልቅ አንቴናዎች ጋር ባለ 7 ሜትር ትናንሾች አሉት፣ በተጨማሪ አራት ባለ 12 ሜትር አንቴናዎች ለየብቻቸው ጠቅላላውን ብርሃን ይለካሉ። ፋንግስ ሦስቱንም አዋሕዶ ነው ያስቀመጠው። ማኅደሩ ውስጥ ከሌላ ጥናት የመጣ ኩብ ስታወርዱ ግን ይህ ውሕደት መኖሩን አረጋግጡ፣ ከሌለ የጋዙን መጠን ከዚያ አትደምሩ።

በመጠን በኩል ሌላም ጥንቃቄ አለ። ፋይሉ የሚሰጠው የካርቦን ሞኖክሳይድን ድምቀት ነው፣ የጋዙን ክብደት አይደለም። ከድምቀት ወደ ክብደት የሚወስደው ማባዣ በዲስኩ ላይ አንድ ነው ቢባል እንኳ በእምብርቱ ይወድቃል፤ እዚያ ጋዙ ሞቃትና የተናወጠ ስለሆነ በክብደቱ ልክ ከሚጠበቀው በላይ ያበራል። የዲስኩን ማባዣ ይዞ እምብርት የገባ ሰው ክብደቱን በብዙ እጥፍ ሊያጋንን ይችላል።

ከ90ዎቹ ውስጥ ለጀማሪ የምመርጠው ኤም 100ን ነው። በኮማ ቤረኒሲስ ኅብረ ከዋክብት ውስጥ፣ 55 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ርቀት ላይ ይገኛል። ዘንጉ አጭር፣ ጥምዙ ግልጽ ነው፣ ጋዙም ብዙ ነው። ኤንጂሲ 3351 ቀለበቱ ትንሽና ጥርት ያለ ነው፣ በአንድ ምሽት ይጨረሳል። ኤንጂሲ 628 ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ፊቱን ሙሉ በሙሉ ወደ እኛ አዙሮ፣ ወደ 9 ዲግሪ ብቻ ያዘነበለ በመሆኑ ከዙረቱ ፍጥነት ስድስተኛው ያህል ብቻ ነው ወደ እኛ የሚደርሰው፣ ዘንግም የለውም። እኔ ግን ደግሜ ደጋግሜ እከፍተዋለሁ። ዘንግ የሌለው ጋላክሲ እምብርት በጋዝ ምን ያህል ደሀ ሊሆን እንደሚችል ለማየት ከዚህ የተሻለ የለም።

በማኅደሩ የሌለውና ሊኖርም የማይችለው የራሳችን የፍኖተ ሐሊብ ከላይ የታየ ካርታ ነው። ዲስኩ ውስጥ ተቀምጠን ስለምናይ ሁሉም ነገር በአንድ መስመር ላይ ይደራረባል። ይህ ሰዎችን ስንት ዓመት እንዳንገላታ ሳነብ አዘንኩላቸው። በ1957 ቫን ቨርደን፣ ሩሖርና ኦርት በሃይድሮጅን የ21 ሴንቲ ሜትር ሞገድ ከመሀል ወገን በሰከንድ 53 ኪሎ ሜትር ወደ እኛ የሚመጣ የጋዝ ክንድ አገኙ። ከመሀል የሚሸሽ ስለመሰለ ፍንዳታ ወረወረው የሚል ሐሳብ ለረጅም ጊዜ ቆየ። ዠራር ደ ቮኩለር በ1964 ዘንግ ሊሆን ይችላል ቢልም ሐሳቡ ቦታ ያገኘው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በ1987 ባሊና ባልደረቦቹ የእምብርቱን ጋዝ በቦታና በፍጥነት ሲስሉት ያጋደለ ጎነ ትይዩ ቅርጽ ወጣ። በ1991 ደግሞ ቢኒና ባልደረቦቹ ያ ቅርጽ ከዘንጉ ምህዋሮች እንደሚመጣ አሳዩ፤ የተለጠጡት ምህዋሮች ራሳቸውን የሚያቋርጡበት ጠርዝ ነበር። እኔ በአንድ ምሽት በኤንጂሲ 1097 ላይ ያየሁትን እነሱ ከጎን እያዩ፣ በተደራረበ መስመር ላይ፣ አስልተው አወጡት። ለዚህ ነው ከላይ የምናያቸው ጋላክሲዎች ዳታ ለሁሉም ክፍት መሆኑን እንደ ትልቅ ስጦታ የምቆጥረው። የራሳችንን ቤት የምንረዳው የጎረቤትን አይተን ነው።

የፍኖተ ሐሊብ ዘንግ በዓመት አንድ የፀሐይ ክብደት ገደማ ጋዝ ወደ ውስጥ ያወርዳል ተብሎ ይገመታል። እዚያ ያለው ክምችት ከ30 እስከ 50 ሚሊዮን የፀሐይ ክብደት ይሆናል። በመሀሉ የተቀመጠው ሳጂታሪየስ ኤ ኮከብ የሚባለው፣ ከአራት ሚሊዮን ፀሐዮች በላይ የሚመዝን ጥቁር ጉድጓድ ግን ከዚያ ፍሰት የሚደርሰው ከሚሊዮን አንድ እጅ በታች ነው። ወንዝ የለካ ሰው እንዲህ ያለ ቁጥር ሲያይ ዝም ብሎ አያልፍም። ከላይ ይህን ያህል ገብቶ ከታች ምንም የማይወጣ ከሆነ በመሀል ግድብ አለ ማለት ነው። ግድቡ ቀለበቱ ነው። እዚያ የደረሰ ጋዝ ከዚያ ወዲያ የዘንጉ ስበት ብዙም አይረዳውም። ከዋክብት ይሆናል፣ በከዋክብቱ ነፋስና ፍንዳታ ይመለሳል፣ ወይም በትናንሽ ጠመዝማዞች ቀስ ብሎ ይሰርጋል። በዘንግ ውስጥ ሌላ ትንሽ ዘንግ ሥራውን ይቀጥላል የሚለውን ሐሳብ ሽሎስማን፣ ፍራንክና ቤገልማን በ1989 አቅርበዋል፤ ኤንጂሲ 1097 ቀለበቱ ውስጥ ቀጫጭን የአቧራ ጠመዝማዞች ወደ መሀል ሲወርዱ ይታያሉ። ወደ 140 ሚሊዮን የፀሐይ ክብደት ያለው የዚያ ጋላክሲ ጥቁር ጉድጓድ የተመዘነውም በ2015 በታተመ ጥናት፣ በዚሁ በአልማ፣ በዙሪያው የሚዞረውን ጋዝ ፍጥነት በመለካት ነው።

የፋንግስ ኩብ በዚህ በኩል ገደብ አለው። አንድ ነጥቡ ላይ የሚዋሐደው ቦታ በአማካይ 100 ፓርሴክ፣ ማለትም ወደ 326 የብርሃን ዓመት ነው። ቀለበቱን ለማየት በቂ ነው፣ ከቀለበቱ ወደ ጉድጓዱ ያለውን የመጨረሻ ጉዞ ለማየት አይበቃም። በዚያው ማኅደር ውስጥ ለአንዳንድ ጋላክሲዎች የበለጠ የጠራ ዳታ ከሌሎች ጥናቶች ይገኛል፣ በጋላክሲው ስም ስትፈልጉ ይመጣላችኋል። ግን ጥሬ ዳታና ተዘጋጅቶ ያለቀ ኩብ ለያይታችሁ አውርዱ። ጥሬው እጅግ ትልቅ ነው፣ ካልተሰናዳም ምስል አይሆንም። መጀመሪያ ጊዜ ይህን ሳላውቅ ሌሊቱን ሙሉ ሳወርድ አድሬ ጠዋት የምከፍተው ነገር አላገኘሁም።

ለማን ይሆናል? ቆንጆ ሥዕል ለሚፈልግ ሰው አይሆንም፤ ኩቡ ሲከፈት ግራጫና ጭጋጋማ ነው። ለፊዚክስ መምህር፣ ለተማሪ፣ ፈሳሽ ወይም ነፋስ ለለካ ሰው ግን ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ትዕግሥት ይጠይቃል። በሰከንድ 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ጋዝ አንድ የብርሃን ዓመት ለመጓዝ 3000 ዓመት ይፈጅበታል፣ ስለዚህ በእኛ ዕድሜ ከቦታው ንቅንቅ ሲል አናየውም። ያለን አንድ ቅጽበት ነው፣ ግን ፍጥነቱ የተጻፈበት ቅጽበት።

ትናንት ማታ ኤንጂሲ 1300ን አውርጄ ጨረስኩ። ረጅምና ቀጥ ያለ ዘንግ፣ በመሀሉ 3300 የብርሃን ዓመት ገደማ የሚሆን ትንሽ ጠመዝማዛ አለው። በሰሜኑ የአቧራ መስመር ላይ አሥራ ሁለት ነጥብ ምልክት አድርጌ የስድስቱን ስፔክትረም ወደ ደብተሬ ገልብጫለሁ። አምስተኛው ላይ ጉብታው መስፋት ጀምሯል። የእህቴ ልጅ ቅዳሜ ሲመጣ ከሰባተኛው እንቀጥላለን።